ሽፍታ ከታየ

መስከረም 20

ለግድፈቴ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። ከሁሉ አስቀድመህ ስለ እግሬ አውራ ጣት ስለጠየቅህ ጣቴ ታመሰግንሃለች። ባለቤቷንም በሁለተኛው ገጽ ላይ ስላስታወስካት ደስ ብሏታል።

ወደ መልሱ ሳልገባ እርማት አለኝ። ሰላም የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው፤ አንተ ግን ዛሬም በንጉሡ ሠ ትጽፈዋለህ። ዐይን ደግሞ በዐይኑ ዐ ነው። ፊደሉ ራሱ ዐይን ተብሎ እየተጠራ ቃሉን በአልፋው አ የሚጽፍ ሰው ከአንተ በቀር አላጋጠመኝም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ሰዎች ግድፈት ስለቅም እውልና፣ ቤቴ ስገባ የወንድሜ ይጠብቀኛል። ስሙን ያወጣሁልህ በከንቱ አይደለም። ደብዳቤህን በቀይ እርሳስ አርሜ መልሼልሃለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው አታነበውም።

የእርማት ክፍላችን ያው ነው። መስኮታችን የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ማሽኖቹ ከሥር ሲነሡ ጠረጴዛው ስለሚንቀጠቀጥ ሁለት ነጥቡ አራት ነጥብ ይመስለኛል። የክፍል ኀላፊው ትርፍ ቃል ስሰርዝ ባየ ቁጥር አሁንም «ወይዘሪት መቀስ» ይለኛል። እሱ እንደሚጽፈው ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ከፋብሪካ ሳይወጣ ያልቅ ነበር።

እንግዲህ ጣቴ። ሪህ የሀብታም በሽታ ነው ሲሉ ሰምተሃል፤ ለእኔ በሽታው ደርሶ ሀብቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሐኪሙ አዲስ ክኒን ከጻፈልኝ ወዲህ ግን፣ ከዋሸሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደ ሰው ጫማ አደርጋለሁ። የኩላሊቴን ውጤት ሲያይ ብቻ መነጽሩን አወለቀና «ደከም ብሏል፤ እየተከታተልን እናያለን» አለኝ። እኔም ማን ያልደከመ አለ ብዬ ወጣሁ። አንተም የአባታችን ልጅ ነህና ጣትህ ማቃጠል የጀመረ ዕለት አትኩራ። የክኒኑን ስም በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ ለመንገድ ሥራ ካምፓችሁ ነርስ አሳየው።

ስለ አባታችን ለጠየቅኸኝ የምጨምረው የለኝም። እኔም የማውቀው አክስታችን የነገረችንን ነው። ተቃጠለ ነው ያለችን። አንተ ያን ጊዜ በቅጡ መናገር ያልጀመርክ ልጅ ነበርክ፤ አሁን ምን እንዳስታወሰህ አልገባኝም።

እየበላህ።

ቀይ እርሳስህ


ጥቅምት 14

እትዬ፣

ሠላም ይድረስሽ፣ ከነንጉሱ። እኔ ደህና ነኝ፤ የታመመው ግሬደሩ ነው። ጠዋት አስነሳዋለሁ፣ ከሰአት ይተኛል። መንገዱ እሱ እስኪድን አንድ ክንድ ወደፊት አይሄድም፣ አለቃው ደግሞ ጥፋቱ የመካኒኩ ይመስል እኔን ነው የሚገላምጠኝ። እዚህ ከድንኳንና ከብረት በቀር ያለው ነገር አቧራ ነው። ከሰው ጋር የሚያገናኘን የዋናው ቢሮ ሬዲዮና የውሃ ቦቴው ብቻ ነው። ቦቴው ካልመጣ ውሃም ደብዳቤም የለም።

የክኒኑን ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት አግኝቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ከሱ በኋላ የላክሻት አጭሯ ደረሰችኝ። ጉንፋን ይዞኛል፣ ጉሮሮዬ ቆስሏል፣ ደረቴ ላይም ሽፍታ ወጥቶብኛል ብለሻል። ስንት ናቸው? መሳሪያስ ይዘዋል? እኛ በዚህ ጭር ባለ ቦታ አንድ ሽፍታ ሳናይ፣ አንቺ ከተማ መሀል፣ ያውም ደረትሽ ላይ መሸፈታቸው ይገርማል። እጃቸውን እንዲሰጡ በጨዋ ደንብ ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ በቀይ እርሳስሽ ሰርዣቸው።

ጣቴን በተመለከተ አንቺ ጠንቋይ ነሽ። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት እንደ ፍም ነደደች። ነርሱ ክኒኑ ሳጥኑ ውስጥ ነበረው። «ኩላሊትህን ተመርምረህ ታውቃለህ?» ሲለኝ «አዎ፣ ደህና ነው» አልኩት። እዚህ ኩላሊት የሚመረምረው ማነው፣ ግሬደሩ? አትቆጪኝ። ጣቴ ጸጥ ብላለች፤ ምክርሽ ሰርቷል።

አባባን ያነሳሁትም በዚህችው ጣት ምክንያት ነው። ስትነድ እሱ ትዝ አለኝ። ፊቱን አላስታውሰውም፤ በሩን ነው የማስታውሰው። ቡናማ ነበር፣ እጀታው ከኔ ቁመት በላይ። ከውስጥ «አንሶላውን አትንኩት» የሚል ድምጽ እሰማለሁ። ይህን በእውነት ሰምቼው ነው ወይስ ህልሜ ነው? አንቺ ትልቋ ነሽ፣ ታውቂያለሽ።

ግድፈትሽ


ኅዳር 3

ለወንድሜ፣

ሠላም ለአንተ ይሁን። የእጅ ጽሁፉ የኔ አይደለም። እጄ በፋሻ ስለታሰረ እኔ እናገራለሁ፣ የክፍላችን ሲስተር ትጽፋለች። ሆስፒታል ነኝ። ተቀምጠህ አንብብ።

በሽፍታው ስላሾፍክብኝ አልተቀየምኩም። ሲስተር ስታነብልኝ እሷ ሳቀች፣ እኔም ልስቅ ስል ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የከንፈሬ ነው።

ጉንፋን ያልኩህ ጉንፋን አልነበረም። ሽፍታው ከደረቴ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ መላ አካላቴ ሄደ። ውሃ ቋጠረ። ከዚያ ቆዳዬ እንደ ራሰ ወረቀት ይነሳ ጀመር። ያመጣው መድሀኒቱ ነው፤ የጣቴ ክኒን። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲወስደው ምንም አይሆንም አሉኝ። አልፎ አልፎ ግን፣ ይልቁንም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ፣ ሰውነት በራሱ ላይ ይነሳል። ሀኪሙ «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው አለ?» ሲለኝ የለም አልኩት።

በማግስቱ ፋሻዬን ሊቀይሩ አንሶላውን ሲያነሱ ድምጹን ሰማሁት። አንሶላ ከሰው ሲላቀቅ ድምጽ አለው። ወንድሜ፣ ያንተ ህልም አይደለም። እኔም ያን ድምጽ በበሩ ቀዳዳ ሰምቼዋለሁ። «አንሶላውን አትንኩት» ያለው አባታችን ነው። አክስታችን ተቃጠለ ስትለን አምነን አደግን። ቤት ውስጥ ግን እሳት አልነበረም። ግድግዳው አልጠቆረም፣ መጋረጃው እንኳ አልተነካም። ያኔም ለጣቱ መድሀኒት ጀምሮ ነበር፤ ጠርሙሱ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ፀሀይ ሲያርፍበት አይቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ለሀኪሙ ስነግረው ብዕሩ ሲቆም ሰማሁ። «ወንድም ወይም እህት አለሽ?» አለኝ።

ክኒኑን አሁኑኑ ተው። ሽፍታ ወጣም አልወጣም ተው። ደብዳቤ እንደሚዘገይ ስለማውቅ ትናንት በዋናው ቢሯችሁ በኩል በሬዲዮ አስልኬብሃለሁ። አጭር ይሁን ስላሉኝ ሀኪሙ ያለውን «ሽፍታ ከታየ ወዲያው ይቁም» ብቻ ብዬ ለመካኒኩ ስጡት አልኳቸው። እሱ ቀድሞ ደርሶህ ይህ ደብዳቤ ትርፍ ቢሆን ደስታዬ ነው።

ውሰድ ብዬ የመከርኩህ እኔ ነኝ። ሌላ የማስበው ነገር የለኝም።

እህትህ


ኅዳር 8

እትዬ፣

ሠላም ነሽ ወይ? ይህን ደብዳቤ ማን እንደሚወስደው አላውቅም፤ ቦቴው ከቆመ ሰነበተ። ውሃውም በቆርቆሮ ተሰፍሮ ነው የሚሰጠን።

ምን ሆነ መሰለሽ። ሬዲዮኛው ከዋናው ቢሮ አንድ መልእክት ተቀብሎ ለአለቃው ሰጠ። «ሽፍታ ከታየ ወዲያው ይቁም» ይላል። አለቃው ትእዛዝ ሲያገኝ የሚወድ ሰው ነው፤ «እስኪታይ አንጠብቅም» ብሎ ያኔውኑ መኪና ሁሉ አቆመ። ግቢውን በባዶ በርሜል አሳጠረ፣ ለእያንዳንዳችን ጥበቃ ደለደለ። ለኔ የደረሰኝ መሳሪያ የግሬደር መፍቻ ነው። ምግብ አብሳዩ «እኔ ሽፍታ ባይ የማቆመው ምኑን ነው፣ ድስቱን?» ብሎ ቢጠይቅ ተቆጡት።

ይባስ ብሎ ወረቀቱ አናት ላይ «ለመካኒኩ» የሚል ነገር አለበት። አለቃው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና ሽፍቶቹ መካኒክ ሊጠልፉ ነው ብሎ ደመደመ። ምን ያድርጉ፣ የእነሱም ግሬደር ተበላሽቶባቸው ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሰው ቆሞልኛል፤ ሽንት ቤት እንኳ ብቻዬን አልሄድም። በዚህ እድሜዬ ተፈላጊ ሰው ሆንኩልሽ።

እኔንም ጉንፋን ይዞኛል። አይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል፣ አቧራው ነው። ጉሮሮዬ ምግብ እምቢ ብሏል። ነርሱ የትኩሳት መድሀኒት ሰጠኝና የጣቴንም ክኒን እንዳልረሳ አሳሰበኝ። አልረሳሁም።

ያንቺስ ሽፍቶች እጅ ሰጡ? ዝም አልሽኝ። ዝምታሽ አላማረኝም፣ ቦቴው ስለቆመ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ግድፈትሽ


ኅዳር 12፣ እዚያው ወረቀት ላይ

እትዬ፣ ይህን ሳልልከው የምጨምርበት መጣ።

ዛሬ ጠዋት ልታጠብ ሸሚዜን አወለቅኩ። ውሃ የሚያፈስልኝ ምግብ አብሳዩ ነበር። ጣሳውን እንደያዘ ቆመና «መካኒክ» አለኝ፣ «ሽፍታውማ ያለው አንተ ላይ ነው።» ሁለቱ ጠባቂዎቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ደረቴን ሳየው ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ያቺን አጭር ደብዳቤሽን ከሻንጣዬ አውጥቼ አነበብኳት። ጉንፋን፣ ጉሮሮ፣ ደረት። ሬዲዮኛውንም ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት። አራት ቃል ነው፤ አንድ ትርፍ የለውም። እንደዚህ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው በህይወቴ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ይቁም የተባለው መኪናው እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ክኒኑን ጣልኩት። ነርሱ ወደ ሆስፒታል አሁኑኑ ሂድ አለኝ፤ አለቃው ግን መኪና አይነቃነቅም አለ። ሽፍታ የለም ስለው ትእዛዝ ነው ይለኛል። መጨረሻ ላይ ሸሚዜን ገልጬ «ያለው ሽፍታ ይኸው ነው፣ ወዲያው ይቁም የተባለውም ክኒኑ ነው» አልኩት። ውሃ ከቋጠሩት አንዱ ፈንድቶ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ነበር። ስስበው አብሮ የተነሳውን አየ። ወደ ኋላ አለና የቦቴውን ቁልፍ ለሾፌሩ ወረወረለት።

አሁን ቦቴው ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ የሚዘለው ለዚህ ነው። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የሚያደርሰው እኔው ሆንኩ። ያንቺን ነገር ግን የሚነግረኝ የለም። እንዲህ ያለ መልእክት የምትልኪው በራስሽ ላይ ደርሶ አይተሽው ካልሆነ ከየት ታመጪዋለሽ? ሾፌሩ ምን ሆነህ ነው ይለኛል። አቧራው ነው እለዋለሁ።

እትዬ፣ ቆዪኝ።


ታኅሣሥ 25

እትዬ፣

ሠላም ላንቺ ይሁን። ለካምፑ ከሚቀርበው ከተማ ሆስፒታል ወጥቻለሁ፤ አንቺ ጋ ለመምጣት ሀኪሙ ገና መንገድ ስላልፈቀደልኝ እዚያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት። ሀኪሙ ጥቂት ቀን ብትቀጥልበት ኖሮ አናገኝህም ነበር አለኝ። መዳፌ እንደ ጓንት ወልቆ አዲስ ወጥቷል። መፍቻ ስይዝ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚይዝልኝ። ማታ አንሶላ አልለብስም፤ ሲነካኝ ያ በር ይመጣብኛል።

የኅዳር ደብዳቤሽን ሾፌሩ ካምፕ ወስዶ፣ አጥቶኝ፣ መልሶ እዚህ አመጣልኝ። ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት ሠላም በንጉሱ ሠ ተጽፎ ነው። ይህን አንቺ ሞተሽም አትጽፊውም። ሞታለች፣ በስሟ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ ብዬ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። እንደገና ለማንሳት ብዙ ቆየሁ። ሲስተር የሚለው ላይ ስደርስ ሴትየዋን ባገኛት እግሯን እስም ነበር።

አባባን ሳስብ የሚያመኝ አንድ ነገር ነው። እኔ አንቺ ነበርሽልኝ። እሱን ተው፣ አቁም የሚለው ሰው አልነበረውም። እያመመው መድሀኒቱን ጨምረውለት ይሆናል።

አሁን ንገሪኝ። በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ስለ አይንሽ አንድ ቃል የለም። የኔን አይን እዚህ ቀንና ሌሊት ነበር የሚያጥቡልኝ፤ ከቆዳው ይልቅ አይን ነው የሚያሰጋን ይላሉ። አይንሽን አጥበውልሻል? አይንሽ ደህና ነው? እጅሽ ሲፈታ በቀይ የታረመውን ወረቀት ላኪልኝ። ስራ እንዳይጠፋብሽ አውቄ አብዝቼልሻለሁ።

ግድፈትሽ


ጥር 19

እትዬ፣

መልስሽ ደረሰኝ። ስለ ምግቡ ነግረሽኛል። ስለ መስኮቱ ንፋስ፣ ስለ ጎን አልጋዋ ሴትዮ ማንኮራፋት ሳይቀር ነግረሽኛል። እጄ ተፈትቷል ብለሻል። ጽሁፉ ግን አሁንም የሲስተር ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ አይን የሚለውን ቃል ደጋግሜ በአልፋው አ ጻፍኩልሽ። አንዱንም አልነካሽውም። ልጅ ሆኜ በከሰል ግድግዳ ላይ የጻፍኩትን እንኳ ያላለፍሽ ሰው ነሽ፤ እናታችን ግድግዳውን ልታጥብ ስትመጣ አንቺ ፊደሉን ስታርሚ ነው ያገኘችሽ።

ስለ ማንኮራፋቱ አልፈልግም። ጥያቄዬ አንድ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ግድፈትሽ


የካቲት 2

ለግድፈቴ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዛሬ ሲስተርን ፊደል በፊደል ነው የማስጽፋት። ሰላምን በእሳቱ፣ ሐኪምን በሐመሩ፣ ዐይንን በዐይኑ። «ሁሉም ያው አይደል ወይ?» ትለኛለች። ያው አይደለም አልኳት።

ያላረምኩህ ስላላየሁት ነው። ኅዳር ላይም አላይም ነበር። መጀመሪያ ብርሃን ወጋኝ። ከዚያ የዐይኔ ቆብ ከቆብ ተጣበቀ። ሲያላቅቁልኝ ጭጋግ ነበር፣ ጭጋጉም አልተነሣም። ወደፊት የሚሞከር ነገር አለ ይላል ሐኪሙ። ይህን ሲናገር ድምፁ መነጽሩን እንዳወለቀ ሰው ነው።

የደበቅሁህ ክኒኑን የጀመርከው በእኔ ቃል ስለነበር ነው። ሁለታችንንም ያጠፋሁ መስሎኝ እዚህ አልጋ ላይ ስንት ጊዜ እንደቀበርኩህ አትጠይቀኝ። ኮሪደሩ ላይ እግር በሰማሁ ቁጥር መርዶህን የያዘ ሰው ነበር። ስትድን ደግሞ ደስታህን ልቀማህ አልፈለግሁም። ይቅርታ አድርግልኝ።

ሌላም አለ። ለሬዲዮው መጀመሪያ ያልኩት «ሽፍታ ከታየ ክኒኑ ወዲያው ይቁም» ነበር። አጭር ይሁን ሲሉኝ ክኒኑ የሚለውን አሰረዝኩት። በትኩሳት እየነደድኩ፣ ትርፍ ነው፣ ለወንድሜ ግልጽ ነው አልኩ። መልእክቱ ከአንተ በፊት አለቃህ እጅ እንደሚገባ አላሰብኩም። በአንዲት ቃል መኪናው ሁሉ ቆሞ አንተ መዋጥህን ቀጠልክ። ከእንግዲህ ሲስተር እንደፈለገች ታስረዝመው፤ አንድም አልሰርዝም።

የማተሚያ ቤት ሰዎች መጥተው ነበር። ኀላፊው ወይዘሪት መቀስ ሊለኝ ጀምሮ መሀል ላይ አቆመው። እርሳሴን አመጡልኝ። ትራሴ ሥር አድርጌው ጫፉን እነካዋለሁ። ቀይ ነው ብለውኛል።

ስለ አባታችን የጻፍከውን ደጋግሜ አስባለሁ። በዚያ በር ቀዳዳ ሳይ አንድ ቀን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር። ፈገግ አልኩለት፣ እሱ ግን ዝም አለኝ። ተቆጥቶኝ ነው ብዬ ስንት ዓመት ኖርኩ። አሁን ሳስበው፣ እሱም አላየኝም።

መጻፍህን አትተው። ሲስተር ጥሩ አንባቢ ናት፣ አትቸኩልም። አንድ ነገር ብቻ አጥቻለሁ። አይንም ብለህ ጻፈው ዐይንም ብለህ ጻፈው በጆሮ አንድ ነው። ሠላምም ሰላምም አንድ ነው። የመጨረሻውን ደብዳቤህን አንዲት ግድፈት ብሰማ ብዬ ደጋግሜ አስነበብኳት። አላገኘሁም። አሁን የምትጽፈው ሁሉ ትክክል ነው።

እትዬህ